በጥር የተገዛ ጤፍ

ደመወዝ ከፋይ ሆኜ ነው ያረጀሁት፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት። የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም ሲባል ሌላው ሰው አበልና ሕክምና ይታየው ይሆናል፤ ለእኔ ግን የሚታየኝ የፔሮሉ ተቀናሽ ዓምድ ነው። በክፉ ጊዜ ሠራተኛን ያቆመው ከተጨመረለት ይልቅ በወጉ የተቀነሰበት ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሁንና ከሥሩ እንየው።

ከተማችን ገና መንቆረር ስትባል ለአገልጋይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ብርቅ ነበር። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግቢ ያለ ሰው ድርጎ ይሰፈርለታል፣ ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል። የማርቆስ ካህንም ተራው ሲደርስ ሰሞነኛ ሆኖ ይቀድሳል፣ ከሰሞን መሬቱ ይበላል። ለሰጪው ርካሽ፣ ለተቀባዩ ክብር ያለው ነገር ነው። ነገር ግን በ1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን ሲያጠፋ፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ የከብት እልቂት ገብቶ ክፉ ቀን ሲሆን፣ በሬ የሌለው ሰው ማደሪያውን በምን ይረሰው? መሬቱ በእጁ እያለ ተራበ። የጥንቱን ሥርዓት የሚያሞግሱ ሰዎች ይህችን ይዘሏታል።

የገጠሩ ቅጥር ይሻል ነበር። በእኛ አካባቢ እረኛ ወይም አራሽ ሲቀጠር ቀለቡና ልብሱ ከጌታው ሆኖ የዓመት ዋጋው በእህል ይቆረጥ ነበር። ብር ቢረክስ የእሱ ደመወዝ አይረክስም። እኔ ስፈርም የኖርኩበት ደመወዝ ይህ ዋስትና አልነበረውም።

የደመወዝተኛው ዘመን የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ1955 የወጣው የጡረታ አዋጅ ከመንግሥት ሠራተኛው 4 በመቶ ቀንሶ መንግሥት 6 በመቶ እንዲጨምርበት አደረገ። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ ለተላላኪና ለጽዳት ሠራተኛ ከደመወዝ ጭማሪ የማይተናነስ ነበር። ከዚያ የቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ፣ የመሥሪያ ቤት ክበብም ተከፈተ፤ ቤቱ፣ ውሃውና መብራቱ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ሽሮው ከውጭው ይረክሳል።

ጤፍ ግን ችግር ነበር። ጎጃም ጤፍ አምራች ሆኖ ሳለ ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ያስገባል፤ ከአገር አገር እንዳይሄድ ደግሞ ኬላ አለ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ መዋጮ ስንቀንስ፣ እነዚያው ሰዎች ክረምት ሲገባ አንድ ቁና ጤፍ ፍለጋ ይንከራተቱ ነበር።

በመጋቢት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው ሲቀር ነገሩ ተለወጠ። በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ ቁጠባና ብድር ማኅበር ነበረን። እንዲህ ያለው ማኅበር በአገራችን አዲስ አልነበረም፤ የመጀመሪያውን በ1957 ያቋቋሙት የአየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። የእኛ ማኅበር ከወር ወር ጥቂት ጥቂት ብር ያጠራቅም ነበር። ያንን ገንዘብ በጥር አውጥተን ጤፍ እንግዛበት ተባለ፤ በጥር ምርቱ ከአውድማ ስለሚገባ ዋጋው ይወርዳል፣ በነሐሴ ደግሞ አይቀመስም።

ገዢዎቻችን ወደ ቢቸና በኩል ይወጣሉ፤ አብሯቸው የሚሄደው የግቢ ጥበቃችን ነው። የገበሬ ልጅ ነውና ነጋዴ አያታልለውም። ከጆንያው አፍ ያለውን አይነካም፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከሥር ይዘግናል፣ መዳፉ ላይ ያሸዋል፣ እፍ ይላል። ገለባው ሲበር አሸዋው ይቀራል። ጥቂት ወደ አፉ ጣል አድርጎ በፊት ጥርሱ ይነክሳል፤ ከቀጨቀጨበት ፊቱን አዙሮ ወደሚቀጥለው ጆንያ ይሄዳል። በእሱ ላይ የሚከራከር ኃላፊ አላየሁም።

ጤፉ ከመስክ ባዶውን በሚመለስ መኪና ይጫናል፣ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ ይራገፋል፣ በሚዛን ይታደላል። አቅም ያለው ማኛ፣ ሌላው ነጭ፣ ብዙው ሰርገኛ ይወስዳል። (የሰርገኛ እንጀራ ግን ማንም ምን ቢል ይጣፍጣል።) ዕዳው ለአሥር ወር ተከፋፍሎ በፔሮል ይቀነሳል። ተዛውሮ ወይም ለቆ የሚሄድ ቢኖርስ? ለዚህ እያንዳንዱ ሁለት ዋስ ይጠራል፤ ዋሶቹም ደመወዝተኞች ስለሆኑ ገንዘቡ አይቀርም። ወለዱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ከኪሱ ያወጣው ምን ነበር? የግምጃ ቤት ጥግ፣ ሊመለስ የነበረ መኪና፣ የእኔ እስክሪብቶ።

የለቅሶው እድርም በዚያው ዓምድ ይቀነሳል። ሰው እየዞረ ቢሰበስብ ግማሹ «ነገ» ይላል፤ በፔሮል ሲሆን ነገ የለም።

ይህን የግል ቀጣሪም ሊያደርገው ይችላል። እርግጥ ዛሬ የብሩ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ተመን ሆኗል፣ መንገዱም እንደ ልብ አይደለም፤ የግል ቀጣሪው ጭንቀት እውነት ነው። በ2003 በወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የተጀመረው መዋጮም አሁን ከቀጣሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ጨምሩ ማለት ይከብዳል። ጤፍ ማበደር ግን ጭማሪ አይደለም፤ የሚመለስ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ወይም ዱቄት ፋብሪካ ያላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁን ሰብስባችሁ ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ከደመወዙ መቀነስ ይፈቅዳል፤ ተቀናሹ በጠቅላላ ከወር ደመወዙ ከሲሶ እንዳይበልጥ ብቻ ተጠንቀቁ። ፊርማውን በኅዳር ጨርሱ፣ ገንዘቡ በታኅሣሥ መጨረሻ ይዘጋጅ፣ ጤፍ የሚያውቅ ሰው ምረጡ። ለፋሲካ እንገዛለን ካላችሁ ግን ረፍዷል።