ሌብል ፕሪንተር ለቤት አገልግሎት

ሌብል ፕሪንተር ጀርባው ሙጫ ባለው ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ላይ አጫጭር ጽሑፎችን የሚያትም አነስተኛ መሣሪያ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በሱፐር ማርኬት የዋጋ መለያ ቢሆንም፣ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኙት አነስተኛ ዓይነቶች ለቤትም ይሆናሉ። እኔ በዋናነት የምጠቀምበት ለእናቴ መድኃኒቶች፣ ለማዕድ ቤት ዕቃዎችና ለሰነድ ማኅደሮች ነው። ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢያን ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ነጥቦች እነሆ።

ለምን ከኮምፒዩተር ጋር?

የራሳቸው ቁልፎች ያሏቸው በእጅ የሚያዙ ማተሚያዎች የሚጽፉት በውስጣቸው በተጫነ ፊደል ብቻ ነው። በአብዛኞቹ ላይ የእኛ ፊደል የለም። ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኘው ግን ጽሑፉን እንደ ምስል ስለሚቀበል፣ በስክሪኑ ላይ በትክክል የሚታይ አማርኛ በመለያውም ላይ ይወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ይህ ቀላል ሆኗል።

ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ በኢንች 203 ነጥብ ያትማሉ፤ ይህም በሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ማለት ነው። 2 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል 16 ነጥብ ብቻ ስለሚደርሰው የፊደላችን ቅጥያዎች ይደበላለቃሉ። ስለዚህ ጽሑፉን ማተለቅ ወይም ባለ 300 ነጥብ መምረጥ ይሻላል።

ሁለቱ የአስተታተም ዓይነቶች

የመጀመሪያው ያለ ቀለም የሚያትም ነው። ወረቀቱ በሙቀት የሚጠቁር ኬሚካል የተቀባ ሲሆን፣ ማተሚያው የሚያሞቀው ክፍል ብቻ ይጠቁራል። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት፣ ፀሐይ፣ ዘይትና አልኮል ያበላሹታል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ በኪስ ቦርሳ ውስጥ ቆይቶ ሲደበዝዝ ያየ ሰው ምክንያቱ ይህ መሆኑን ይረዳል። ሁለተኛው ቀለሙን ከሪባን በሙቀት የሚያስተላልፍ ነው። ዋጋው ከፍ ቢልም ጽሑፉ ለዓመታት ይቆያል። ለፍሪጅና ለፍሪዘር የመጀመሪያው ይበቃል፤ ለካርታ፣ ለውልና ለትምህርት ማስረጃ ማኅደር ግን ሁለተኛውን እመክራለሁ። በፍሪዘር የሚቀመጥ ዕቃ ላይ መለያው መለጠፍ ያለበት ዕቃው ሳይቀዘቅዝና ደረቅ ሳለ ነው።

የመድኃኒት መለያ

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። በእናቴ መድኃኒቶች ላይ ስሙን፣ ለምን እንደታዘዘ፣ መጠኑንና ሰዓቱን በትልቁ አትማለሁ። ሰዓቱን «8፡00» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው፤ እናቶቻችን ከቀኑ 8 ሰዓት ብለው ሊረዱት ይችላሉና «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። የአገልግሎት ማብቂያውም እንዲሁ ነው። በፋብሪካው «06/2027» ተብሎ የታተመ መድኃኒት በእኛ አቆጣጠር የሚያበቃው ሰኔ 2019 ነው። በራሳችን ዘመን ያነበበ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ለተጨማሪ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። መለያው የፋብሪካውን ጽሑፍ መሸፈን የለበትም። ሐኪም መጠኑን ሲለውጥም አሮጌው ተልጦ ይጣል እንጂ በላዩ ላይ አይለጠፍ።

ከመግዛትዎ በፊት

ዋናው ወጪ ማተሚያው ሳይሆን ጥቅሉ ነው። ለምሳሌ የዳይሞ 550 ተከታታይ ሞዴሎች በጥቅሉ ላይ ያለውን ቺፕ ስለሚያነቡ የሌላ አምራች መለያ አይቀበሉም። ጥቅሉ በአገር ውስጥ መገኘቱን ሳያረጋግጡ አይግዙ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክልዎ ከሆነ ደግሞ የኃይል አስማሚውን ያንብቡ፤ «100-240» ከሚል ችግር የለውም፣ «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ከእኛ 220 ቮልት ጋር በቀጥታ አይሰካም።