ምስክር ወረቀትና ውል፦ ትምህርት በሰሊጥ እርሻና በዓረብ አገር ደመወዝ ላይ

የትምህርትን የገንዘብ ፋይዳ የሚለኩ ኢኮኖሚስቶች ዛሬም የሚነሡት ጄኮብ ሚንሰር እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳተመው ሥራ ነው፤ ደመወዝን ከትምህርት ዓመታትና ከሥራ ልምድ ጋር ያዛመደው እሱ ነው። ሳካሮፑሎስና ፓትሪኖስ የብዙ አገሮችን ጥናት አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሰሉት፣ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት የግለሰብን ገቢ በአማካይ 9 በመቶ ገደማ ያሳድጋል። ይህ አማካይ ግን መተማ ላይ ሰሊጥ የሚያጭደውን የቀን ሠራተኛ አይገልጸውም።

ሰሊጥ ደርሶ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል። ባለ እርሻው ይቸኩላል፤ ስለዚህ የሚከፍለው ለፍጥነት ነው። አሥረኛ ክፍል የደረሰ ወጣትና ፊደል ያልቆጠረ ጎልማሳ ጎን ለጎን ሲያጭዱ የሚለያያቸው የእጅ ቅልጥፍናና የወገብ ጽናት ነው። ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውም በዚያ ሳምንት ከደጋ የወረደው ሰው ብዛት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ትምህርት አልፈየደም ማለት ግን ስሕተት ይመስለኛል። ደህና የተማረው ቀድሞ ወረዳውን ለቆ ከተማ ገብቶ ከሆነ፣ ማሳ ላይ የሚደረግ ጥናት ከየት ያገኘዋል? የቀረውም ቢሆን ያጨደውን በየቀኑ በደብተሩ ከያዘ፣ የሒሳብ ዕለት ካቦው የሚለውን ዝም ብሎ አይቀበልም።

በዓረብ አገር የቤት ሥራ ደግሞ ፓስፖርት ከምስክር ወረቀት ይበልጣል። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለቤት ሠራተኞቿ ዝቅተኛውን ወርሃዊ ደመወዝ 400 ዶላር አድርጋ ወሰነች። ፊሊፒናዊቷ ከኢትዮጵያዊቷ የምትበልጥበትን ክፍያ በትምህርት ብቻ መተርጎም የመንግሥቷን ድርድር መርሳት ነው። የእኛ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ጠይቆ ነበር። መስፈርቱ የጉዞ በር እንጂ የደመወዝ እርከን አልነበረም፤ ዲፕሎማ ያላትም ብትሄድ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላት ያው ውል ነው። መስፈርቱን የማያሟሉ ብዙዎችም በደላላ እጅ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረዋል።

ትምህርት እዚህ የሚያግዘው ደመወዝ ሲያዝ ነው፦ ውሉን አንብቦ ለመረዳት፣ ቅጂውን ለማስቀረት፣ ለኤምባሲ አቤቱታ ለመጻፍ። የስደተኞችን ገቢ የሚያጠና መጠይቅ የተስማሙበትን ደመወዝ ብቻ ከጠየቀ ይህን አያይም። የተከፈለውን ከተባለው ለይቶ መመዝገብ፣ ስንት ወር እንደዘገየ፣ ሠራተኛዋም ውሉን ራሷ አንብባ ፈርማ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።