ጭንቅላት ላይ የሚቀመጠው ማግኔት

ለድባቴ የተሰጣት መድኃኒት አልሠራ ያላት አንዲት እህታችን ሐኪሟ «በማግኔት እንሞክር» አላት። ማታ ደወለችልኝ፤ «ጭንቅላቴን በኤሌክትሪክ ሊያነዝሩት ነው እንዴ?» አለች። ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አይደለም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1938 ሮም ውስጥ ሰርሌቲና ቢኒ የተባሉ ሐኪሞች በበሽተኛ ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ አሳልፈው ሆን ብለው ሰውነቱን አንቀጠቀጡት። ያ ሕክምና ዛሬም አለ፤ በማደንዘዣ ይሰጣል፣ ብዙ ሰውም ይረዳል። መጥፎ ስሙ ግን የቀረው ያለ ማደንዘዣ ከተሠራበት ዘመን ነው።

የማግኔቱ መንገድ ሌላ ነው። የሚለዋወጥ ማግኔት አጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር ፋራዳይ በ1831 አሳይቷል። በ1896 ፈረንሳዊው ዳርሶንቫል የሰው ጭንቅላት በትልቅ የሽቦ ጥቅል ውስጥ አስገብቶ ሞከረ፤ ሰዎቹ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ታያቸው። ከዚያ በላይ ግን አልተራመደም።

በ1980 እንግሊዝ ውስጥ ሜርተንና ሞርተን በራስ ቅል ላይ ኤሌክትሪክ ሰጥተው የሰው እጅ አንቀሳቀሱ። ችግሩ ያማል! አጥንት ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍማ፤ ኃይለኛ መሆን ነበረበት። ማግኔትን ግን አጥንት አያግደውም። በ1985 ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ጓደኞቹ የሽቦ ጥቅል ጭንቅላት ላይ አስቀምጠው ለቅጽበት ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለቀቁበት፤ የሰውየው እጅ ዘለለ፣ ሕመም የለም። እኔን የሚገርመኝ፣ እነሱ የፈለጉት ነርቭን መመርመሪያ እንጂ የድባቴ መድኃኒት አልነበረም።

በ1990ዎቹ በየቀኑ እየደጋገሙ ለድባቴ ሞከሩት። አሜሪካ በ2008 መድኃኒት ላልሠራላቸው ፈቀደች፤ በ2018 ደግሞ አንድን ሐሳብና ድርጊት ያለ ልክ ለሚያስደጋግመው ሕመም። ሁሉንም አያድንም። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ወንበር ላይ ነቅተሽ ትቀመጫለሽ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ ራስ ምታት ሊኖር ይችላል አልኳት። ፍርሃቱ ቀለላት። «ስንት ቀን ነው?» አለች። በተለመደው አሠራር በሳምንት 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ዝም አለች። ዕረፍቷ ዓርብ ብቻ ነው እኮ! በ2022 አሜሪካ በቀን 10 ጊዜ እየተሰጠ በ5 ቀን የሚያልቅ አሠራርም ፈቅዳለች። ሐኪሟ ዘንድ ያ ካለ ትጠይቃለች፤ ከሌለ ግን ማዳሟን ማስፈቀድ ሊኖርባት ነው።