የሞላ ቁመት፦ ከፖንቴዴራ እስከ ገዳሪፍ

ኢትዮጵያዊው መካኒክ «ሞላ» የሚለውን ብረት ሱዳናዊው የሙያ ባልደረባው «ያይ» ይለዋል። የመጀመሪያው ቃል ከጣልያንኛ፣ ሁለተኛው ከቱርክኛ የተወረሰ ነው። «ያይ» በቱርክኛ ቀስትም ማለት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ለጭነት መኪና ድርብርብ ሞላ የሚጠቀምበት «ባሌስትራ»ም በጣልያንኛ የቀስት ዓይነት የጦር መሣሪያ ስም ነው። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ተጣጥፎ የሚዘረጋውን ብረት በአንድ ምስል ሰይመውታል። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ባለው መንገድ እነዚህ ቃላት ጎን ለጎን የሚሰሙት በአመዛኙ ባለ ሦስት እግሯ ተሽከርካሪ በምትጠገንበት ስፍራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ «ባጃጅ»፣ ሱዳን ውስጥ «ረክሻ» የምትባለዋ ይህች ተሽከርካሪ የዘር ሐረጓ ከስኩተር ይመዘዛል።

የጣልያኑ ፒያጆ ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ርካሽ መጓጓዣ እንዲነድፍ ታዘዘ። እርሱም ከሚያውቀው ሙያ ተነሥቶ የፊተኛውን ጎማ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ በያዘ ክንድ አንጠለጠለው። እ.ኤ.አ. በ1946 በፖንቴዴራ የተወለደችው ይህች ስኩተር «ቬስፓ» ማለትም ተርብ ተባለች። የመጀመሪያዎቹ ቬስፓዎች ከኋላ ሞላ አልነበራቸውም፤ እርሱ የተጨመረው በ1948 ነው። በዚያው ዓመት ባለ ሦስት ጎማዋ «አፔ»፣ በአማርኛ ንብ፣ ተከተለች። የሕንዱ ባጃጅ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ሁለቱንም ዓይነት ማምረት ጀመረ። ተርቧም ንቧም በሕንድ በኩል ዞረው ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገሩ ማለት ነው።

ስኩተርን ዝቅ የማድረግ ልማድ የመነጨው እዚያው አውሮፓ ነው። ተወዳዳሪው ለኩርባ ፍጥነት፣ ጎረምሳው ለመልክ፣ አጭሩ አሽከርካሪ ደግሞ እግሩ መሬት እንዲረግጥለት ሞላውን ያሳጥር ነበር። የክብደቱ ማዕከል ዝቅ ሲል ተሽከርካሪው በኩርባ ላይ እንደሚረጋ እውነት ነው። ሆኖም ዋጋ አለው። ጥቂት ጥምዝ የተቆረጠለት ሞላ ከቀድሞው ይልቅ ይደነድናል፤ በጋዝ እሳት ከተቆረጠማ ብረቱ ውርጃውን ስለሚያጣ ይሰበራል ወይም ይተኛል። ከዚህም በላይ የቬስፓ ክንድ ወደ ኋላ የተዘረጋ በመሆኑ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይደፋል። ሞላው ሲያጥር ለመደፋት የቀረላት ርቀት አነስተኛ ስለሆነ በጉድጓድ አፋፍ ላይ ፍሬን የያዘ ሰው ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። አሞርዛተሩ ሳይቀየር ሞላው ብቻ ካጠረ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል።

ይህ ሁሉ ለለስላሳ አስፋልት የተባለ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ግን ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ፣ በክረምት አብጦ ጎማ የሚውጥ ጥቁር ጭቃ። ማሽላና ሰሊጥ የሚያበቅለው፣ በ1940ዎቹም ለትራክተር እርሻ ያስመረጠው ይኸው አፈር ነው። መንገድ ግን አይወድም። ባቡር ገዳሪፍ የደረሰው በ1928 ሲሆን ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው አስፋልት የተጠናቀቀው በ1980 ነው። በመካከሉ ሜዳው ላይ የነገሡት ከፍ ያለ ቁመና የነበራቸው የቤድፎርድ የጭነት መኪኖች ነበሩ። ከድንበሩ ወዲህ ደግሞ ድንጋዩ አለ። ኅዳር 1940 የብሪታንያ ጦር ጋላባትን ሲያጠቃ አብዛኞቹ ታንኮቹ ከጥቅም ውጪ የሆኑት ሰንሰለታቸው በቋጥኝና በፈንጂ እየተበጠሰ ነው። ታንክን ያስቆመ መሬት ለትንሽ ጎማ ይራራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይሆናል።

ረክሻዋም የምትሽከረከረው እንደ ጥንቶቹ ቬስፓዎች በባለ ስምንት ኢንች ጎማ ነው። ስለዚህ በድንበሩ አካባቢ የሞላ ጉዳይ የመልክ ሳይሆን የእንጀራ ጥያቄ ነው። ዝቅ ያለች ረክሻ ሆዷ በጎማ ዱካ መካከል ባለው ጉብታ ላይ ያርፋል፤ ከፍ ያለች ደግሞ ትገለበጣለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ የሚገለበጠው የፊቱን ጎማ ከአንዱ የኋላ ጎማ ጋር በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። መስመሮቹ ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ጠባብ ናቸው። ሾፌሩ አንድ ተጨማሪ ሰው አጠገቡ ባስቀመጠ ቁጥር ክብደቱን ወደ ጠባቡ ወገን ይስባል። ሞላውን ሁለት ጣት ዝቅ በማድረግ የተገኘውን መረጋጋት የአንድ ተጨማሪ ተሳፋሪ ሒሳብ ያጠፋዋል። ይህንን ከሾፌሩ ይልቅ ሕፃን ይዛ ከኋላ የተቀመጠች እናት ልታውቀው ይገባት ነበር፤ የሚነግራት ግን የለም።

ሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ወደ ገዳሪፍና በጋላባት በኩል ወደ መተማ የጎረፈው ሕዝብ ይህችን ተሽከርካሪ ለሌላ ሸክም ዳርጓታል። ሦስት ሰው ከኋላ እንድትይዝ የተነደፈች ረክሻ ፍራሽ፣ ድስትና አረጋዊት እናት ስትጭን ሞላዋ ማንም ሳይቆርጠው በራሱ ዝቅ ይላል። አርባ ዓመት ወደ ኋላ ቢሄዱ ይኸው ሜዳ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ተዋዋ መጠለያዎች የሚሄዱ ረኃብተኞችን አስተናግዷል፤ ያኔ ግን ብዙው ሰው በእግሩ ነበር የመጣው።

ልባም መካኒክ እንግዲህ ሞላውን አይቆርጥም። ክረምት ሲቃረብ ከሞላው ሥር የብረት ቀለበት ጨምሮ ከፍ ያደርጋታል፤ መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ቀለበቱን ያወጣል። የወጣው ቀለበትም ለሚቀጥለው ሰኔ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል።