በደጃፍ የቆሙት እናትና ልጅ

እናት የልጅዋ የመጀመሪያ መምህር መሆንዋን የማያውቅ ሕዝብ የለም። ሰው ቋንቋውን፥ ታላቅን ማክበርን፥ በገበታ ዙሪያ ተራ ጠብቆ መቀመጥን የሚማረው ገና የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጥ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ትምህርት በቤት ውስጥ ተጀምሮ በቤት ውስጥ የሚፈጸም በመሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ አልፈውት ሄደዋል። ንጉሥ የዘመተበት ቀን ተጽፏል፤ ሕግ የታወጀበት ዓመት ተመዝግቧል፤ እናት የሴት ልጅዋን እጅ ይዛ እስከ ደጃፍ አድርሳ የለቀቀችበት ሰዓት ግን ከመዝገብ አይገኝም። ይህን ያልተጻፈ ሰዓት በፎቶግራፍ ካስቀሩት ሰዎች መካከል አንዷ አሜሪካዊቱ ገርትሩድ ኬዝቢር ናት። የሥራዋ ታሪክ በተለይ ለመምህራን የሚጠቅምበት ምክንያት አለ፤ ይኸውም ልብዋ ወደዚህ ነገር የተመራው የሕፃናት አስተዳደግ በሚጠናበት ትምህርት ቤት ተማሪ ሆና ሳለች ስለ ሆነ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገርትሩድ ስታንተን በ1852 በአይዎዋ ግዛት ተወለደች። ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሕዝብ ወደ ኮሎራዶ ተራሮች በጎረፈበት ጊዜ አባትዋ ወደዚያ ሄዶ የእንጨት መሰንጠቂያ አቋቋመ፤ ቤተሰቡም ተከተለው። በ1864 አባትየው ሲሞት ገርትሩድ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እናትዋም በብሩክሊን ከተማ ክፍል እያከራየችና ተከራዮችን እየመገበች ልጆችዋን አሳደገች። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ወደ ፔንሲልቬኒያ ተልካ፥ በቤተልሔም ከተማ ከእናትዋ እናት ዘንድ ተቀምጣ በሴቶች ትምህርት ቤት ተማረች። አያትየዋ ሸማ የምትሠራ፥ እጅዋ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። እንግዲህ ገርትሩድ የሴትን ብርታት የተማረችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእናትዋ ማድቤትና ከአያትዋ መሸመኛ ነው።

በ1874፥ ሃያ ሁለት ዓመት በሞላት ቀን፥ ከጀርመን አገር የመጣውን ነጋዴ ኤድዋርድ ኬዝቢርን አገባች። አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ጋብቻው ግን የሰመረ አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1915 አንድ ፎቶግራፍ አንሥታለች፤ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው፥ አፋቸው ተለጕሞ ይታያሉ። ስሙንም «የተጠመዱና የተለጐሙ፤ ጋብቻ» አለችው። በሬ ጠምዶ የሚያርስ አገር ሰው ይህን ምሳሌ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እናትነትን እጅግ ያከበረችው ሴት ጋብቻን እንዲህ መራራ አድርጋ ማሳየትዋ ሊያስደንቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሥራዋ ከንቱ ውዳሴ እንዳልሆነ ያስረዳል። ያመሰገነችው ያየችውንና የኖረችበትን ነው።

በ1889፥ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲሆናት፥ ሥዕል ለመማር በብሩክሊን ወደሚገኘው የፕራት የትምህርት ተቋም ገባች። በዚያ ዘመን ሦስት ልጆች ያሉዋት እናት እንደ ተማሪ ደብተር ይዛ መሄድዋ የተለመደ ነገር አልነበረም። በፕራት ሥዕል ብቻ ሳይሆን የጀርመናዊው መምህር የፍሪድሪኽ ፍሬበል ሐሳብ ጭምር ይሰጥ ነበር።

ፍሬበል በ1782 ተወለደ፤ ገና ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት። በ1837 ብላንክንቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ለሕፃናት የጨዋታና የሥራ ቤት ከፈተ፤ በ1840ም «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» የሚል ስም አወጣለት። በእኛ ቋንቋ መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው ተቋም መነሻው ይህ ነው። በ1844 ደግሞ እናቶች ከሕፃናት ጋር የሚዘምሩትንና የሚጫወቱትን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 እነዚህን ቤቶች ቢከለክልም ትምህርቱ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ደረሰ። የትምህርቱም ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ሕፃን በግድ የሚቀረጽ ጭቃ ሳይሆን ከውስጡ የሚያድግ ተክል ነው፤ የመጀመሪያዋ አትክልተኛ እናቱ ናት፤ የጥበቃዋም ዓላማ ልጁን ለዘለዓለም ታቅፎ መያዝ ሳይሆን በራሱ እግር እንዲቆም ማድረግ ነው። እናቱን ሳያውቅ ያደገው ሰው ለእናቶች መምህር ሆነ ማለት ነው። ገርትሩድ ኬዝቢርም ይህን ሐሳብ ተቀብላ በፎቶግራፍ መሣሪያ ተረጐመችው።

ይሁን እንጂ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1894 ሁለቱን ሴቶች ልጆችዋን ይዛ ወደ አውሮፓ ተሻገረች፤ ልጆቹን ጀርመን አገር በባልዋ ዘመዶች ዘንድ አስቀምጣ እርስዋ በፈረንሳይ ሥዕል ተማረች። ስለ እናትና ስለ ሴት ልጅ ፍቅር የምትታወቀው ሴት ሙያዋን ያገኘችው ከሴቶች ልጆችዋ ተለይታ በሰነበተችበት ወራት መሆኑን ታሪክ መደበቅ አይገባውም። ወደ አገርዋ ስትመለስ ባልዋ ታሞ የቤቱ ገቢ ሳስቶ ነበር። ስለዚህ ከአንድ የብሩክሊን ፎቶግራፍ አንሺ ዘንድ ገብታ የሙያውንም የንግዱንም ሥርዓት ተማረች። በ1896 በቦስተን 150 ያህል ሥራዎችዋን ለሕዝብ አሳየች፤ ብዙም ሳይቆይ በኒው ዮርክ ከተማ የራስዋን ፎቶግራፍ ቤት ከፈተች። በ1898ም በፊላደልፊያ ባደረገችው ንግግር፥ የጥበብ ስጦታ ያላቸው ሴቶች በዚህ ሙያ እንዲሠለጥኑ መከረች።

በዚያ ዘመን የነበሩት የከተማ ፎቶግራፍ ቤቶች ሰውን በሥዕላዊ መጋረጃ ፊት፥ በተዋሰ ወንበርና በሐሰተኛ ምሰሶ መካከል ያቆሙት ነበር። ኬዝቢር ይህን ሁሉ አስወገደች። ሰዎችን በተራ ልብሳቸው፥ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን፥ ብዙ ጊዜም በገዛ ቤታቸው አነሣቻቸው። ለማተሚያም ጥላው የለሰለሰውን የፕላቲኒየም ወረቀት መረጠች። በሌላም ጊዜ በሙጫ የማተምን ዘዴ ተጠቀመች፤ በዚህ ዘዴ የግራር ሙጫ ከቀለምና ብርሃን ከሚያደርቀው የክሮም ጨው ጋር ተቀላቅሎ በወረቀት ላይ ይቀባል፤ ብርሃን ያገኘው ሙጫ ይጠነክራል፤ ያላገኘው በውኃ ሲታጠብ ይለቃል። የግራር ሙጫ ከጥንት ጀምሮ ለዓለም ገበያ በብዛት የሚቀርበው ከሱዳን ነው። ከአፍሪካ ግራር የፈሰሰ ነገር የአሜሪካ እናቶችን መልክ ለማተም ማገልገሉ፥ የዓለም ሕዝብ ሥራ እርስ በርሱ እንደ ተያያዘ ያሳያል።

ከሥራዎችዋ ሁሉ የታወቀው በ1899 በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በአንድ ወዳጅ ቤት ውስጥ ያነሣችው ነው። እናቲቱ ጸሐፊዋ አግነስ ሊ ናት፤ ልጅቱም ፔጊ ትባላለች። እናቲቱ ሰፊ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወደ ልጅዋ ዘንበል ብላለች፤ ክንድዋ የልጅቱን ጀርባ ደግፏል። ልጅቱ ጥቁር ልብስ ለብሳ፥ በበሩ መቃን መካከል ቀጥ ብላ ቆማ ፊት ለፊት ትመለከታለች። ከበስተኋላቸው በግድግዳው ላይ መልአኩ እመቤታችንን ሲያበሥራት የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሏል። የፎቶግራፉም ስም «ከሴቶች መካከል አንቺ የተባረክሽ ነሽ» የሚለው የገብርኤል ሰላምታ ነው። ይህን ቃል በግእዝ «ቡርክት አንቲ እምአንስት» ብሎ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለጸለየ አንባቢ ርእሱ እንግዳ አይሆንበትም።

ይሁን እንጂ ጥያቄ ይነሣል፤ በሥዕሉ ውስጥ የተባረከችው እናቲቱ ናት ወይስ ልጅቱ? ፎቶግራፍ አንሺዋ ለይታ አልተናገረችም። እናቲቱ በመውለድዋ የተባረከች ናት ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በመልአኩ ሰላምታ ጊዜ ድንግል ማርያም ገና ወጣት ስለ ነበረች፥ ሰላምታው ሕይወትዋ ገና ከፊትዋ ላለው ልጅ ቢነገርም ይገባል። የእናቲቱ ክንድ ልጅቱን አልያዛትም፤ አልገፋትምም። የፍሬበል ትምህርት በአንድ ክንድ አኳኋን ተገልጿል።

ይህ ሥራ ለኬዝቢር ታላቅ ዝና አመጣላት። በዚያው በ1899 ያነሣችው «ግርግም» የተባለው ሌላ የእናትነት ፎቶግራፍ በ100 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም በዘመኑ ለፎቶግራፍ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። በ1902 አልፍሬድ ስቲግሊዝ ፎቶ ሴሴሽን የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች፤ ካሜራ ዎርክ የተባለውም መጽሔቱ በ1903 ሲጀመር የመጀመሪያው ቍጥር ለሥራዎችዋ ተሰጠ። በኋላ ግን ተጣሉ። ስቲግሊዝ ጥበብ ከገንዘብ መራቅ አለበት ይል ነበር፤ ኬዝቢር ደግሞ በሙያዋ ቤትዋን የምታስተዳድር ሴት ነበረች። በ1912 ከማኅበሩ ወጣች።

ከዝናው ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የዚያች እናትና ልጅ ፍጻሜ ነው። በደጃፍ ቆማ የነበረችው ፔጊ ሳታድግ ሞተች። በ1904 ኬዝቢር አግነስ ሊን እንደገና አነሣቻት። በዚህኛው ፎቶግራፍ ቤት የለም፥ ደጃፍም የለም፥ ልጅም የለችም። እናቲቱ በጨለማ ድንጋያማ ቦታ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፥ እጆችዋን አጣምራ ፊትዋን ወደ ሰማይ አቅንታለች። ስሙም «የእናትነት ርስት» ይባላል። ሁለቱ ሥራዎች አብረው ካልታዩ የኬዝቢር ሐሳብ በሙሉ አይታወቅም። እናት ልጅዋን ወደ ዓለም ስትለቅ የሚመጣውን አታውቅም፤ ሆኖም ትለቃለች። ፍቅርዋ ከባድ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

የኬዝቢር የገዛ ቤትዋ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ተፈጸመ። በ1924 ታናሺቱ ልጅዋ ኸርሚን ወደ ፎቶግራፍ ቤቱ ገብታ የእናትዋ የሥራ ባልደረባ ሆነች። በ1929 የብሩክሊን ሙዚየም ሥራዎችዋን ሰብስቦ ለሕዝብ አሳየ፤ በ1934ም በሰማንያ ሁለት ዓመትዋ ዐረፈች። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፎቹን የጠበቁት ኸርሚንና የልጅ ልጅዋ ሚና ናቸው። ኸርሚን ለኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፥ ሚናም በ1964 ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጡ። በ2002 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የደጃፉን ፎቶግራፍ በቴምብር አተመው። በአንድ ወቅት በጀርመን አገር ከእናትዋ ተለይታ የቆየችው ልጅ የእናትዋን ሥራ ከመጥፋት አዳነች።

በየዓመቱ ትምህርት በሚከፈትበት ቀን በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይኸው ሥዕል ይደገማል። እናቶች ቀሚስ የያዘውን ትንሽ እጅ ቀስ ብለው አስለቅቀው፥ ልጃቸውን ወደ ግቢው ያሳልፋሉ፤ ጥቂት ቆመው ያያሉ፤ ከዚያም ይመለሳሉ። መምህርና የትምህርት ቤት ሹም ይህን በየዓመቱ ስለሚያይ ሊለምደው ይችላል፤ ለእናቲቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ልጅቱ ከደጃፉ ወዲህ የምታገኘው ሰው መምህርዋ ነውና፥ የእናቲቱ ክንድ የጀመረውን ሥራ በአደራ የሚቀበለው እርሱ ነው።