እሬት መስሎኝ ነበር

ቀረብ ቀረብ በሉና ስሙኝ፤ የማጫውታችሁ የአንዲት አበባ ነገር ነው።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም በጠባ ሰሞን ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ ሻሸመኔ ላይ ታጥፈን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ባሌ ዲንሾ ስንገባ ጉሙ መሬት ለመሬት ይሳብ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ጭቁኙ ወደሚያውደው ወደ ጋይሳይ መስክ ወረድን፤ የደጋ አጋዘኖች ቀና ብለው አዩንና ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ፤ ከዚያም ጉሙ ሲገለጥ፣ ወገኖቼ፣ ሜዳው ሁሉ ችቦ የተለኮሰበት መሰለ።

«እሬት ነው!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

አጠገባችን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ዝም ብሎ አየኝና፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ከአንዱ አገዳ አንዲት ጠባብ ቱቦ የምትመስል አበባ ነቅሎ ሥሯን መጠጠ፤ ከዚያም ወደ ሌላው አገዳ ተሻግሮ ሁለተኛዋን ነቀለና፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ «ይቅመሱ፣ አባባ» አለኝ። ቀመስኳት፤ ማር ናት። እሬትማ እንዴት እንደሚመር ሁላችን እናውቃለን።

ያኔ አፍሬ ተንበረከክሁና ደህና አድርጌ አየኋት። የእሬት ቅጠል ወፍራም፣ ጠርዙ እሾሃም ነው፤ የእሷ ግን እንደ ሣር ስስና ረጅም፣ መሃሉ እንደ ቦይ የጎደጎደ ነው። አበቦቿ በአገዳው ጫፍ ተጠቅጥቀው ቁልቁል ያዘቀዝቃሉ፤ ከታች የፈኩት ቢጫ፣ ከላይ ያልፈነዱት እንቡጦች ቀላ ያሉ ናቸው። አሽንዳ የሚሏት አሉ። በዕፀዋት ሊቃውንት መዝገብ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ትባላለች፤ በጀርመናዊው ሊቅ በክኒፕሆፍ ስም የተሰየመ ወገን ናት፣ ፎሊዮሳም ቅጠለ ብዙ ማለት ነው። በተፈጥሮዋ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አትበቅልም።

ቀና ስል የልጁ አፍንጫ ጫፍ በአበባ ብናኝ ቢጫ ሆኗል።

ዓመታት አለፉና በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በዚያው በባሌ ቀይ ቀበሮን የሚከታተሉ ተመራማሪዎች ያዩትን ጽፈው አወጡ። ለካስ ቀይ ቀበሮም፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ የቀረው ያ አውሬ፣ የዚህችን አበባ ወለላ ይልሳል፤ አንዳንዱም በአንድ ጉዞ እስከ 30 አገዳ ያዳርሳል፤ አፍንጫው በብናኝ ይሞላና ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያደርሰው ይሆናል ብለው ገመቱ። ከተመራማሪዎቹ አንዱም ጣፋጭነቷን መጀመሪያ ያወቀው የባሌ እረኛ ልጆች ሲልሷት አይቶ እንደሆነ ተናገረ።

ይህን ሳነብ ያ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከአንድ አገዳ አንዲት ብቻ ነበር የነቀለው፤ የቀሩትን ሳይነካ ወደሚቀጥለው ተሻገረ፣ ከዚያም ከብቶቹን እየነዳ ሄደ፤ መስኩም ከኋላው እንደ ነደደ ቀረ።