ሕጉ ያልደረሰላት ሠራተኛ

ከመንዝ ትምህርት አቋርጠው አዲስ አበባ ሰው ቤት የሚቀጠሩ ሴት ልጆች ጥቂት አይደሉም። ለመሆኑ የትኛው ሕግ ነው የሚያያቸው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/1985 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ አውጥቶ፣ "የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል" አለ። አዋጅ 377/1996 ያንኑ ደገመ። በ2011 ፓርላማው አዋጅ 1156ን ሲያጸድቅ የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን አደገ። የቤት ሠራተኛዋ ግን አሁንም ለደንብ ተላለፈች። የቀራት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያሉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው።

የ8 ሰዓት ሥራና የሳምንት ዕረፍት ለፋብሪካ ሠራተኛ መብት ነው፤ ለእሷ ግን የአሠሪዋ ደግነት። ሠራተኛ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ደንቡ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ቢያንስ እሑድን ስጧት።